ስንት ሰው ሳቀ? ማንስ ዝም አለ?

እናቶችና እኅቶች! አንድን አስቂኝ ፊልም «ጥሩ ነው» ወይም «አይረባም» የምትሉት በምን መዝናችሁ ነው? መቼም አብዛኞቻችን «አሳቀኝ»፣ «አላሳቀኝም» ብለን እናልፋለን እንጂ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ሳቅ የምንቆጥር አይደለንም። ሳቅ እንደ ጤፍ በቁና አይሰፈርም፤ እንደ ቡናም በሚዛን አይመዘንም። ይሁንና ፊልም ሠሪዎች ከጥንት ጀምረው ሳቅን ለመለካት ሲደክሙ ኖረዋል። ይህ ድካማቸው ምን እንዳስገኘላቸውና ምን እንደ ተሰወረበት ማወቅ ለፊልም ሠሪው ብቻ ሳይሆን፣ ከሥራ መልስ ልጆቿን ሰብስባ ቴሌቪዥን ለምትከፍት እናትም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሳቅ ቆጠራ ላጫውታችሁ።

እኔ የምኖረው ሰቆጣ ነው። እንጀራዬም ቁጥር ነው፤ በመሥሪያ ቤቴ ከየቀበሌው የሚመጣውን አኀዝ እመዘግባለሁ፣ እደምራለሁ፣ ካለፈው ወር ጋር አስተያያለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ የለመደ እጅ ደግሞ ፊልም ሲያይም እንኳ እርሳስ መፈለጉ አይቀርም።

ነገሩን ከሩቅ ልጀምር። በአሜሪካ ማርክስ ወንድማማቾች የሚባሉ ስመ ጥር ቀልደኞች ነበሩ፤ ከፈላስፋው ማርክስ ጋር ግን ዝምድና የላቸውም። እነዚህ ሰዎች በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «አንድ ምሽት በኦፔራ ቤት» የተባለውን ፊልማቸውን ሊሠሩ ሲሉ ወዲያው ካሜራ ፊት አልቆሙም። አስቂኝ የሆኑትን ዋና ዋና ትዕይንቶች ይዘው ከከተማ ከተማ እየዞሩ አስቀድመው በመድረክ አሳዩ። ደራሲዎቹ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠው የትኛው ቀልድ እንዳሳቀ፣ የትኛው እንደ ከሸፈ ይጽፉ ነበር፤ ሳቁም ስንት ሰከንድ እንደ ቆየ በሰዓት ይለኩት ነበር። የከሸፈው ተሰረዘ ወይም ተለወጠ፤ ያሳቀው ቀረ። ከሳቁ በኋላ የሚመጣው ንግግር በጫጫታ ተውጦ እንዳይቀርም በፊልሙ ላይ በልኩ ፋታ ተተወለት። ፊልሙ በእጅጉ ተወደደ፤ እነርሱም ለ1937ቱ ፊልማቸው ይህንኑ ዘዴ ደገሙት።

ዛሬ ያንን የሰው ሥራ መሣሪያ ይሠራዋል። አንድ ሰው ፊልሙን በዩቲዩብ ላይ ሲጭን ስንት ጊዜ እንደ ታየለት ብቻ ሳይሆን፣ ተመልካቹ በስንተኛው ደቂቃ ትቶት እንደ ሄደና የቱን ቦታ እየመለሰ እንዳየው የሚያሳይ መስመር ይቀርብለታል። መስመሩ ሲያዘቀዝቅ ሰው ሰልችቷል ማለት ነው፤ ብድግ ሲል ደግሞ ያ ቦታ ተደጋግሞ ታይቷል ማለት ነው። እንግዲህ ሳቅ አይለካም የሚለው አባባል ድሮም ሆነ ዘንድሮ ሙሉ እውነት አይደለም።

በእኛስ አገር? የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ራሱ ኮሜዲ መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ለመድረክ ያበቁት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በአውሬ ተረት ተሸፍኖ የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነት የሚነካ ነበር። በዚህም ምክንያት ንግሥት ዘውዲቱ ቲያትርን ከለከሉ፤ ክልከላውም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ እስከ ጫኑ ድረስ ቆየ። ያ ተውኔት በተመልካች ቁጥር ቢመዘን ኖሮ «ከሰረ» በተባለ ነበር። እኛ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ዛሬም እናነሣዋለን። ከዚህ የምንረዳው ስኬት ሲባል የምን ስኬት እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳቅ በየቤታችን ገባ። እነ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ እነ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ በቴሌቪዥን ብቅ ባሉ ቁጥር ቡና የምታፈላው እንኳ ሲኒዋን ይዛ ቆማ የቀረችበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ1990ዎቹ ደግሞ በቪዲዮ ካሜራ የሚሠራው ፊልም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ሲስፋፋ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» የሚል ማስታወቂያ በየደጁ ተሰቀለ። በ1999 ዓ.ም. ግድም የወጣው «የወንዶች ጉዳይ» ተከታይ ክፍል እስኪሠራለት ድረስ ተወደደ። የዚያን ጊዜ የስኬት ሚዛኑ ሰልፍ ነበር፤ በሲኒማ ቤቱ ደጅ የቆመው ሰው ሲረዝም ፊልሙ ቀንቶታል ይባላል።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚመጣው። አንዱ ፊልም በቀናው ማግሥት ሌላው ነጋዴ «ምን ቢያስገባበት ነው የቀናው?» ብሎ ይመረምራል። ይቆጥራልም፤ አንድ መልከ መልካም ወጣት፣ አንዲት ቆንጆ፣ አንድ የውሸት እጮኝነት፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ፣ አማርኛ የሚሰበርባት የቤት ሠራተኛ። ከዚያ ይህንኑ ቅመም በሌላ ድስት ይከታል። ነገሩ ምርምር ይመስላል፤ ሆኖም የምርምር ግማሽ ብቻ ነው።

ይህን ለመረዳት እናንተ ወጥ የምትሠሩ እናቶች አስተማሪ አያሻችሁም። የጣፈጠ ቀይ ወጥ ሁሉ በርበሬ አለበት፤ ያረረውም ቀይ ወጥ በርበሬ አለበት። የጣፈጠውን ብቻ ቀምሶ «ምስጢሩ በርበሬው ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ትስቁበታላችሁ። የምስጢሩን መገኛ ለማወቅ የጣፈጠውንና ያረረውን ጎን ለጎን አስቀምጦ በአንዱ ኖሮ በሌላው የሌለው ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ምናልባት ልዩነቱ የሽንኩርቱ መብሰል ወይም የእሳቱ ልክ ይሆናል። በፊልምም እንዲሁ ነው። በተወደዱት ፊልሞች ውስጥ የምትሳቅባት ሠራተኛ መኖሯ ፊልሞቹ በእርሷ ምክንያት መወደዳቸውን አያስረዳም፤ በአንድ ሳምንት ከሲኒማ ቤት በወረዱትም ውስጥ እርሷው አለችና።

ሌላም ችግር አለ፤ ቁጥሩ ራሱ ማንን ይቆጥራል? በእኔ ቤት ስድስት ነን፤ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ሁለት ልጆቼ፣ በሥራ የምታግዘን ልጅ እና እኔ። ስድስታችን ከአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበን አንድ ፊልም ስናይ በዩቲዩብ መዝገብ ላይ የምንያዘው እንደ አንድ ተመልካች ነው። በማግሥቱ ትንሹ ልጄ ብቻውን ያንኑ ቀልድ አምስት ጊዜ ቢመላልሰው ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ስድስት ሰው እንደ አንድ፣ አንድ ሕፃን እንደ ብዙ ሰው ሆኖ ይመዘገባል። እንዲህ ያለ አኀዝ ቢሮዬ ቢመጣልኝ ኖሮ መልሼ እልከው ነበር።

በዚህ ምክንያት ባለፈው ክረምት ራሴ ቆጠራ ጀመርሁ። ዝናቡ ከቤት በማያስወጣባቸው ምሽቶች ፊልም ስናይ አንድ ደብተር ጭኔ ላይ አኖራለሁ። ለስድስታችንም ስድስት ዓምድ አሰመርሁ፤ የሳቀ ሰው በዓምዱ ውስጥ አንድ ጭረት ይያዝለታል፤ ቀድሞ የሳቀው ጭረት ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። ባለቤቴ «ደግሞ ሳቃችንን ለበላይ አካል ልትልኪው ነው?» እያለ ቀለደብኝ፤ እርሱም ተቆጠረ።

ደብተሩ ያሳየኝን ልንገራችሁ። አማቴ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኽምጣና ነው፤ ፈጣን የአዲስ አበባ አማርኛ ብዙም አይከተሉም። ነገር ግን በቃል ጨዋታ ላይ ዝም ብለው ቆይተው፣ አንድ ሰው ውሸቱ ሊያዝበት ሲል ፊቱ ሲለዋወጥ ከሁላችን ቀድመው ይስቃሉ። ቻርሊ ቻፕሊን ያለ አንዲት ቃል ዓለምን ያሳቀው በዚሁ መንገድ መሆኑን አስታወስሁ፤ ፊት ትርጉም አይፈልግም። ልጆቼ ደግሞ የወደቀና የተደናቀፈ ሁሉ ያስቃቸዋል። ባለቤቴን የሚያስቀው አስቀድሞ የገመተው ነገር ሲደርስ ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ከጭረቶቹ ብዙዎቹ የፊልሙ አለመሆናቸው ነው። ፊልሙ አንድ ነገር ይላል፤ ከእኛ አንዱ በዚያ ላይ አንድ ቃል ይጨምራል፤ ቤቱም በሳቅ ይሞላል። ያንኑ ፊልም በማግሥቱ ብቻዬን ሳየው ፈገግ ከማለት አላልፍም። ይህ የእኔ ቤት ጠባይ ብቻ አይደለም። ሮበርት ፕሮቫይን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ እየዞሩ 1,200 ያህል የሳቅ አጋጣሚዎችን መዘገቡ። ከሳቅ በፊት ከተነገሩት ቃላት ውስጥ ቀልድ ሊባሉ የሚችሉት ከመቶ 20 እንኳ አልሞሉም፤ የቀሩት «እስቲ ና ወዲህ»፣ «ደኅና ሁኚ» እንደማለት ያሉ ተራ ነገሮች ነበሩ። በሌላ ጥናታቸውም ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚሆንበት ጊዜ 30 እጥፍ ያህል አብልጦ እንደሚስቅ አገኙ።

እኛ የሰቆጣ ሰዎች ይህን ያለ ሊቅም እናውቀዋለን። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ቴሌቪዥኑ የአቧራ ማረፊያ ሆኖ ነበር። በዚያ ጨለማ ውስጥ አማቴ በኽምጣና የሚያወጉትን ተረት ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆነን ስናዳምጥ ሳቅ ከቤታችን ፈጽሞ አልጠፋም። እንግዲህ የሳቅ ግማሽ ሥራ የሚሠራው አብሮ በተቀመጠው ሰው ነው ማለት ነው። ከሆነ ደግሞ አብሮ የተቀመጠው ሰው ማን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚስቅ መመልከት ተገቢ ይሆናል።

ይህን ብዬ ደብተሩን ሳገላብጥ አንድ ዓምድ ዐይኔን ያዘው። የምታግዘን ልጅ ከዝቋላ ወረዳ የመጣች፣ የማታ ትምህርት የምትማር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ናት። ዓምዷ ጭረት ሞልቶታል፤ በብዛትማ ከአማቴ ትበልጣለች። በተለይ የፊልሟ ሠራተኛ ቃል ስታበላሽ፣ ሊፍት ፈርታ ስትጮኽ፣ ብርጭቆ ስትሰብር ልጅቷ ሳትስቅ አልቀረችም። ነገር ግን በእነዚያ ቦታዎች ሁሉ አንድ እንኳ ነጥብ የላትም። ሁልጊዜ የምትስቀው የመጨረሻ ሆና ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሳቀ በኋላ።

በማግሥቱ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ተቀምጬ በጨዋታ መሀል ጠየቅኋት። ምጣዱን እያሰሰች ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤

«እትዬ፣ እኔ ካልሳቅሁ ሁላችሁም ወደ እኔ ትዞራላችሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ስለ እኔ መሆኑ ይታወሳችኋል። ስስቅ ግን ያልፋል።»

እህቶቼ፣ ይህችን ቃል በየትኛው ዓምድ ታስገቧታላችሁ? በማርክስ ወንድማማቾች ሰዓት ብትለካ ሳቅ ናት። በዩቲዩብ መስመር ላይ ብትታይ ትታ ያልሄደች ተመልካች ናት። በሲኒማ ቤት ብትሆን ትኬት የቆረጠች ደንበኛ ናት። ሁሉም ቆጣሪ «ተሳክቷል» ብሎ ይጽፍላታል፤ እርሷ ግን ሳቁን እንደ ነጠላ ተከናንባው ተደብቃበታለች።

የዚህ ተቃራኒም በደብተሩ አለ። በአንድ ፊልም ውስጥ ሠራተኛዋ ስትታመም እመቤቲቱ ራሷ እንጀራ ልትጋግር ትነሣለች። ሊጡ ይፈስሳል፣ እንጀራው ከምጣዱ ተጣብቆ እንቢ ይላል፣ እመቤቲቱ ጥፍሯን ታቃጥላለች። በዚህ ጊዜ የእኛ ልጅ ከሁላችን ቀድማ፣ እጇን አፏ ላይ ሳትጭን ከልቧ ሳቀች። ተከትለናት ሳቅን፤ አማቴ ዕንባቸው እስኪመጣ፣ ልጆቼ መሬት እስኪንከባለሉ፣ እኔም እርሳሴ እስኪወድቅ። በዚያ ክረምት እንደዚያ የረዘመ ሳቅ በቤታችን አልተሰማም። ያ ትዕይንት ሰው የሚያሳንስ ነገር አልነበረበትም፤ የሥራን ክብደት የማያውቅ ሰው ሥራው ራሱ ሲያስተምረው ማየት ነው። ምጣድ ያቃጠለው ሁሉ ያውቀዋል።

«ሕዝቡ የሚወደው ሠራተኛዋን ሲሳቅባት ነው፤ ካለዚያ ገበያ የለም» ለሚሉ መልሱ ከእኛው ታሪክ አይጠፋም። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ በጻፉት «ያላቻ ጋብቻ» በተሰኘው ኮሜዲ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ የሆነ የተማረ ሰው ከቤት ሠራተኛ ጋር ይጋባል። በዚያ ተውኔት ዘር ቆጥሮ፣ ወገን መርጦ «ይህ እንዴት ይሆናል!» የሚለው ኩራት ነው የሚሳቅበት። «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ ሴትን ጠልፎ የማግባትን ልማድ በሳቅ የገረፈ ሥራ ነው። ሁለቱም ዛሬም ከተወደዱት የአማርኛ ኮሜዲዎች መካከል ይጠራሉ። ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ የሚስቅ ኮሜዲ ተመልካች አያጣም ማለት ነው።

የሰቆጣ ስም በአገር ደረጃ ከቆጠራና ከልኬት ጋር የተያያዘበት አንድ ምክንያትም አለ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ዕቅድ ሲያውጅ፣ ዓላማው ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ማስቆም ነበር። ከዕቅዱ መንገዶች አንዱም የመረጃ አያያዝን ማሻሻል ነው። የሕፃኑ ቁመት ተለክቶ ከዕድሜው ጋር ይነጻጸራል። ይህን ሥራ በቅርብ የሚያውቅ ሰው የሚረዳው አንድ ነገር አለ፤ የአንድ ቀበሌ አማካይ ውጤት አምሮ ሊታይ ይችላል፤ በዚያው ቀበሌ ከገደሉ ማዶ ያለች አንዲት ሕፃን ግን ቀንጭራ ይሆናል። አማካዩ እርሷን ይሸፍናታል። ስለዚህ ብልህ ቆጣሪ ድምሩን ካየ በኋላ «ከድምሩ ውስጥ የተሸፈነው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሳቅ ድምርም እንዲሁ ነው፤ ቤቱ በአማካይ ስቋል፤ አንዷ ግን አልሳቀችም።

እንግዲህ የፊልም ሠሪዎቻችን መረጃ መሰብሰባቸው ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ይሰብስቡ፣ ይቁጠሩ፣ ያመዛዝኑ። ዳሩ ግን የቀናውን ፊልም ብቻ ሳይሆን የከሸፈውንም ይቁጠሩ። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የተቀመጠውን ብቻ ሳይሆን በሰቆጣ፣ በአምደ ወርቅ በአንድ ስልክ ዙሪያ የተሰበሰበውንም ያስቡ። ቀልዳቸውን ለሙከራ ሲያሳዩ ከተማሩት ጓደኞቻቸው ጋር አንዲት ልብስ አጣቢ፣ አንድ ሊስትሮ፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ አንዲት እናት በአዳራሹ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ማን ቀድሞ እንደ ሳቀና ማን ተከትሎ እንደ ሳቀ ይመልከቱ።

እናንተ እናቶችና ሠራተኞች ደግሞ ደብተር ባትይዙም ጥቂት ነገር ልብ በሉ። ፊልሙ የሚስቀው በማን ላይ ነው? ሞኝ ሆኖ በተገኘው፣ በዋሸው፣ በኮራው ላይ ነው ወይስ ድሃ ሆኖ በተወለደው ላይ? ልጆቻችሁ በማግሥቱ የሚደግሙት የትኛውን ቃል ነው? የሚደግሙት የሠራተኛዋን አነጋገር ከሆነ በፊታቸው ቆማ ሳህን የምታነሣው ሰው እንደምትሰማቸው ንገሯቸው፤ በቁጣ ሳይሆን በምክር። በቤታችሁስ ቀድሞ የመሳቅ መብት ያለው ማን ነው? አባወራው እስኪስቅ የሚጠብቅ ካለ ያ ሰው ገና አልሳቀም።

ሳቅ ርካሽ መድኃኒት ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። መድኃኒትነቱ ግን ለታደለው ሁሉ በእኩል ሲደርስ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ፊልሙ አልቆ መብራት ከመጥፋቱ በፊት «ወደዳችሁት?» ብላችሁ በጅምላ አትጠይቁ። በቤታችሁ ትንሹን ቦታ ይዞ ከበሩ ሥር የተቀመጠውን ሰው ለይታችሁ «አንተን ያሳቀህ የቱ ነው? አንቺንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ስታገኙ የሚቀጥለውን ፊልም ምርጫ ለዚያ ሰው ተዉለት።